ጥፋቱ የለጋሹ ነበርን? በተለገሰ የዓይን ብሌን ላይ የተጠረጠረ አሜባ

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ተረኛ በነበርኩበት ዕለት፣ ከዓይን ክፍል የመጣ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት እጄ ገባ። ሐኪሟ የጻፈችው አጭር ነበር፦ «ንቅለ ተከላ የተደረገለት ብሌን፤ ቁስለት፤ ከለጋሹ የመጣ ይሆን?» እኛ ዘወትር የምንጠየቀው ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩንና ካለም የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ነው እንጂ፣ ተሐዋሲው ከማን እንደመጣ አይደለም። ጥያቄው ያልተለመደ ስለነበር መልሱን ለማግኘት ከሁለት ወር በላይ ፈጅቶብናል። ታካሚው ጉዳያቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ግን አስቀርቻለሁ።

ታካሚው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በፎገራ ሜዳ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚኖሩ ሩዝ አምራች ገበሬ ናቸው። የቀኝ ዓይናቸው ብሌን በነጭ ጠባሳ ከተሸፈነ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት ስለነበር ሪፈር ተጽፎላቸው አዲስ አበባ ሄደው፣ ከሟች በተለገሰ ብሌን ንቅለ ተከላ ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ ክትትላቸው ባሕር ዳር እንዲሆን ተወስኖ ተመለሱ። የመጀመሪያው ወር መልካም ነበር፤ በሩን ከግድግዳው ለይተው ማየት ጀምረው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ግን ዓይናቸው ቀላ፣ ሕመምም ጀመረ። ከንቅለ ተከላ በኋላ እንዲህ ያለ ምልክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ሰውነት አዲሱን ብሌን አልቀበልም ማለቱ በመሆኑ፣ በእኛው ሆስፒታል ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ተጨመረላቸው። ሕመሙ ሁለት ቀን ጋብ አለና ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። በዘጠነኛው ቀን ሲመጡ ጭንቅላታቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ በልጃቸው እጅ ተመርተው ነበር፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ራሱ እንደ ሚስማር ይወጋቸው ነበር። ሐኪሟን «እባክሽ ልጄ፣ ከነጭራሹ አውጪልኝና ልረፍ» ብለዋት ነበር።

ባለቤታቸው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይዘው መጥተዋል። በሰፈሩ «የሞተ ሰው ዓይን ትል ይዞ መጣ» እየተባለ መወራት ጀምሯል፤ ዘመድ አዝማድም በቡናው ላይ «ድሮስ የሙት አካል ለቋሚ ይሆናል ወይ» ማለቱ አልቀረም። ይህን እዚህ የማነሣው ለወግ ያህል አይደለም። ብሌን የሚገኘው ዘመዶቹን ገና አፈር ሳያለብስ በሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ሕብረ ሕዋሱም ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ መወሰድ አለበት። በአንድ ቀበሌ የተነዛ እንዲህ ያለ ወሬ እነዚያን ሰዓታት ምን ያህል እንደሚያከብዳቸው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ «ከለጋሹ የመጣ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከአንድ ታካሚ አልፎ የሚሄድ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ጥርጣሬው ከሳይንስ ውጭ አልነበረም። ከለጋሽ ወደ ተቀባይ በብሌን በኩል በሽታ ተላልፎ ያውቃል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ በእብድ ውሻ በሽታ ከሞተ ሰው የተወሰደ ብሌን ተቀባዩን ገድሏል። ከጥገኛ ተሐዋስያንም ወገን ብሌን ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ አሉ። በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የኦንኮሰርካ ትል የሚፈለፍላቸው ጥቃቅን እጮች ከቆዳ ተነሥተው ብሌን ውስጥ ይገባሉ፤ ሲሞቱም በዙሪያቸው ጠባሳ ይተዋሉ። ስለዚህ የሰፈሩ «ትል» ከመሬት ተነሥቶ የተፈጠረ አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያ ዝንብ የሚራባው በፈጣን ወንዞች ላይ ነው፤ በክልላችን በዚህ በሽታ ስሙ የሚነሣው የመተማ አካባቢ እንጂ የጣና ዳር አይደለም። ደግሞም ኦንኮሰርካ የሚጎዳው በዓመታት እንጂ በአምስት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም በማምጣት አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የተባለውም መኖሪያው ከዓይን በስተኋላ ያለው ሬቲና ስለሆነ ብሌን ብቻ ሲወሰድ ያን ያህል አያሠጋም። የቀረው አንድ ዋና ተጠርጣሪ ነው፦ አካንታሜባ።

አካንታሜባ በአፈር፣ በአቧራ፣ በሐይቅ፣ በቧንቧ ውኃ ሳይቀር በነፃነት የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። የዓይን በሽታ እንደሚያመጣ የታወቀው ገና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለት መልክ አለው። ሲመቸው ይንቀሳቀሳል፣ ባክቴሪያ ይበላል፣ ይራባል፤ ሳይመቸው ደግሞ ድርብ ግድግዳ ያለው ሲስት ውስጥ ራሱን ይከታል። ክሎሪን አይበግረውም፤ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ሲስት ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሕያው ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የተለገሰ ብሌን እንዴት እንደሚቀመጥ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ብሌኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እስኪደርስ የሚቆየው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ፣ እስከ 14 ቀን ሊያቆየው በሚችል ፈሳሽ ውስጥ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን አሉበት፤ ሁለቱም ባክቴሪያን እንጂ አሜባን አይነኩም። ከለጋሹ የሚወሰደው ደም የሚመረመረው ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ነው። የዓይን ባንክ ባለሙያዎች ብሌኑን ስሊት ላምፕ በተባለው ብርሃን ባለው የዓይን ማጉያ መሣሪያ ያዩታል፣ የውስጠኛውን ሽፋን ሕዋሳት ይቆጥራሉ፣ የሟቹን የሕክምና ታሪክ ይጠይቃሉ፤ ቁስለት ወይም ደመና ያለበት ብሌን በዚህ ወንፊት ይቀራል። ምልክት ያላሳየ፣ ጥቂት ሲስት ብቻ የያዘ ብሌን ግን በእነዚህ ሁሉ መካከል ሊያልፍ መቻሉን መካድ አይቻልም። «የባክቴሪያ ካልቸር ኔጌቲቭ ነው» ሲባል «ንጹሕ ነው» ብሎ መስማት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ካልቸር፣ ማለትም ናሙናን በሳህን ላይ አኑሮ የሚበቅለውን ተሐዋሲ ማየት፣ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ብሌኑን በስሊት ላምፕ ስታይ የቀለበት ቅርጽ ያለው ነጭ ደመና አየች። በካርዱ ላይ በሥዕል አስቀምጣዋለች፤ ቀለበቱ ሙሉ አልነበረም፣ በታችኛው ጠርዝ በኩል ወፍሮ፣ ከስፌቱ ውጭ ባለው በታካሚው በራሳቸው ብሌን ቅሬታ ላይ ይጀምራል። ያን ዕለት ሁላችንም ቀለበቱን እንጂ የጀመረበትን ቦታ ልብ አላልንም። በኋላ ላይ ያንን ሥዕል ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ናሙናው የተወሰደው ዓይኑ በጠብታ ደንዝዞ በትንሽ ስለት ከቁስለቱ ጠርዝ ተፍቆ ነው። ከስለቱ ጫፍ ላይ የሚገኘው ነገር ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ስለሆነ ለስንት ምርመራ እንደሚከፋፈል አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። አንዱን ስላይድ ግራም በተባለው ማቅለሚያ አቀለምኩት፤ ባክቴሪያም ፈንገስም አልታየኝም። ሁለተኛውን ለወባ በየቀኑ በምንጠቀምበት ጊምሳ አቀለምኩት። እዚያ ላይ በተቆራረጡ የሽፋን ሕዋሳት መካከል፣ ከቀይ የደም ሕዋስ ሁለት እጥፍ ገደማ የሚሆኑ ጥቂት ክብ ነገሮች አገኘሁ። መጀመሪያ የታካሚው ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው ብዬ አልፌያቸው ነበር፤ ስመለስ ግን የአንደኛው ውስጠኛ ግድግዳ ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው፣ ውጫዊው ደግሞ የተጨማደደ መሆኑን አየሁ። የሆድ አሜባን ሲስት በየቀኑ በሰገራ ምርመራ እናያለን፤ እርሱ ልስልስ ክብ ነው፣ ሲበስልም አራት ኒውክለስ ይኖረዋል። ይህ አንድ ኒውክለስ ብቻ ነበረው።

ጊምሳ ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ አያሳምንም። ስለዚህ ቀሪውን ናሙና ምንም ምግብ በሌለበት 1.5 በመቶ አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ ማብቀያ) ላይ አኖርኩት፤ በላዩ የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ስስ አድርጌ ዘርቼበት ነበር። አሳቡ ቀላል ነው። አጋሩ ራሱ ማንንም አይመግብም፤ አሜባ ካለ ያንን ባክቴሪያ እየበላ ሲሄድ የሄደበት መንገድ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሳህኑን በ30 ዲግሪ አቆይቼ፣ ክዳኑን ሳልከፍት ገልብጬ በየቀኑ በዝቅተኛው ሌንስ አየሁት። ሁለት ቀን ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ናሙናው ካረፈበት ነጥብ ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሄድ ጠማማ መስመር ታየኝ፤ ሞፈር ያልለመደ ወይፈን ያረሰው ትልም ይመስላል። የመስመሩን ጫፍ ከአጋሩ ጋር ቆርጬ በአንድ ጠብታ ጨው ውኃ ውስጥ በስላይድ አደረግሁና ጠበቅሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዙሪያውን እንደ እሾህ የሾሉ ቅጥያዎች ያሉት ሕዋስ ዝግ ብሎ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ስሙም የወጣለት እሾህ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በውስጡ ያለችው የውኃ ከረጢት ትሞላለች፣ ድንገት ትጠፋለች፣ እንደገና ትሞላለች። የሥራ ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ጠርቼ አሳየኋቸው።

ውጤቱን ለታካሚው የነገርኳቸው እኔው ነበርኩ። «አሜባ ነው» ስላቸው «አሜባማ የሆድ አይደለም ወይ? እሱንማ ስንቴ ታክሜዋለሁ» አሉኝ። ስሙ እንጂ ዘሩ ሌላ መሆኑን፣ የሆዱ መድኃኒት ለዚህ እንደማይሆን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ሌላ ነበር፦ «ታዲያ ከሟቹ ነው የመጣው?»

ለዚህ ሳህኑ መልስ አልነበረውም። መጀመሪያ ራሳችንን ማጣራት ነበረብን፤ አሜባው በየውኃው ስላለ ከገዛ ላቦራቶሪያችን ጠርሙስ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያለ ናሙና የተዘጋጀ ሳህን፣ በላቦራቶሪው የተጣራ ውኃ የተጨመረበት ሳህን ጎን ለጎን አቆየሁ፤ ሁለቱም እስከ 14ኛው ቀን ንጹሕ ሆኑ። ልጃቸው ከቤታቸው ጀሪካን ያመጣው ውኃ ላይ ግን አሜባ በቅሏል። አንዳንድ ባልደረቦቼ «በቃ፣ ከውኃቸው ነው» አሉ፤ እኔ በዚህ አልተስማማሁም። ከጣና ዳር ከየትኛውም ቤት ውኃ ቢወሰድ አሜባ ባይገኝ ነው የሚገርመው። የዘር ቅንጣት ምርመራ ቢደረግ እንኳ ዓይን የሚያሳምመው ዘር አብዛኛውን ጊዜ ቲ4 የሚባለው፣ በውኃውም ውስጥ የበዛው እሱ ስለሆነ፣ በዓይነት ብቻ መመሳሰላቸው ብዙም አያስረዳም።

ወደ ተለገሰው ብሌን መመለስ ነበረብን። በንቅለ ተከላ ጊዜ ከለጋሹ ብሌን መካከሉ በክብ ስለት ተቆርጦ ለታካሚው ይሰፋል፤ ከነጩ የዓይን ክፍል ጋር የተያያዘው ጠርዝ ደግሞ ይተርፋል። ይህ ጠርዝ ከለጋሹ የቀረ ብቸኛ ምስክር ነው። ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናው ወደተደረገበት ሆስፒታል ስትደውል ጠርዙ ለባክቴሪያና ለፈንገስ ካልቸር ተልኮ ኔጌቲቭ እንደሆነ፣ ከዚያም እንደተጣለ ተነገራት። ለአሜባ አልተጠየቀም ነበር። ከእኛም ዘንድ ቢሆን ከዚያ የተለየ አይደረግም ነበር፤ ማንንም ለመውቀስ አይመችም።

አንድ ሟች ሁለት ብሌን ይሰጣል፤ ሁለተኛውን የተቀበለ ሌላ ሰው አለ። በዓይን ባንኩ በኩል የዚያ ሰው ሐኪም ተገኝተው ታካሚያቸውን ጠርተው አዩ፤ ብሌኑ ጥርት ያለ፣ ሕመምም የሌለበት ነበር። ይህ ደስ የሚል ዜና ቢሆንም ማስረጃነቱ ግማሽ ነው፤ በአንዱ ዓይን ያለ ኢንፌክሽን በሌላው ላይኖር ይችላልና።

የጉዳዩን መልክ የለወጠው ከሰውነት የተቆረጠ ሕብረ ሕዋስ የሚመረምረው የፓቶሎጂ ክፍሉ ልማድ ነው። ከታካሚው የተቆረጠውና ጠባሳ የያዘው አሮጌ ብሌን በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ፣ በፓራፊን ሰም ውስጥ እንደ ጡብ ተጋግሮ በመዝገብ ቁጥር ተቀምጦ ነበር። የመጀመሪያው ሪፖርት «ጠባሳ» ብቻ ይላል፤ ጠያቂውም ሌላ ነገር አልጠየቀም ነበር። ከዚያው ጡብ አዳዲስ ስስ ቁራጮች ተወስደው ፒ ኤ ኤስ በተባለው ማቅለሚያ ሲቀለሙ፣ ከጠባሳው ክሮች መካከል በጥልቀት የተቀበሩ፣ ድርብ ግድግዳ ያላቸው ሲስቶች ተገኙ። ፓቶሎጂስቱ የላከልን ፎቶ ላይ ሰባቱን ቆጥሬያለሁ። ከላይ ያረፉ ቢሆኑ ኖሮ በመሣሪያ ንክኪ መጡ ማለት ይቻል ነበር፤ እነዚህ ግን በዙሪያቸው ጠባሳ አድጎባቸዋል፤ ጠባሳ ደግሞ በአንድ ቀን አያድግም። ያ ብሌን ከታካሚው ዓይን የወጣው የለጋሹ ብሌን በቦታው ከመተካቱ በፊት ነው። አሜባው ከለጋሹ ብሌን ቀድሞ ቤቱን የሠራ ነበር ማለት ነው። ከስፌቱ ውጭ በታችኛው ጠርዝ የጀመረው ደመናም ከዚያ በኋላ ትርጉም አገኘ፤ ከለጋሹ ቢመጣ ኖሮ ሊጀምር የሚገባው ከስፌቱ ውስጥ ነበር።

የሁለት ዓመት በፊቱን ካርድ ያን ጊዜ እንደገና አነበብነው። በመስከረም፣ ሩዙ ውኃ በያዘበት ወቅት አረም ሲነቅሉ የሩዝ ቅጠል ብሌናቸውን ቧጠጣቸው፤ እዚያው ማሳው ውስጥ ባለው ውኃ ታጠቡት። ከዚያ ለወራት የቆየ፣ ከቁስሉ ስፋት በላይ የሆነ ሕመም ነበር። ሄርፐስ የተባለው ቫይረስ ነው ተብሎ መድኃኒቱ አሲክሎቪር ታዘዘላቸው፤ ሁለቱ በሽታዎች በጅምራቸው ስለሚመሳሰሉ ይህ በዓለም ሁሉ የሚፈጸም ስሕተት ነው። ሕመሙ ሲተው ጠባሳው ቀረ። በእኛ አካባቢ የብሌን ጠባሳ ሲታይ አእምሮ የሚሮጠው ወደ ትራኮማ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ 11.5 በመቶ ያህሉ በትራኮማ የብሌን ጠባሳ የመጣ ስለነበር ሩጫው ምክንያት አለው። የእሳቸው ሽፋሽፍት ግን ወደ ውስጥ አልታጠፈም፣ ጠባሳውም በአንድ ዓይን ብቻ ነበር።

ሕክምናው ረጅም ሆነ። የፋርማሲ ባልደረባችን ከ20 በመቶ ንጹሕ ክሎርሄክሲዲን አንድ ሺህ ጊዜ አቅጥኖ 0.02 በመቶ ጠብታ በንጽሕና አዘጋጀ። ቁስል ለማጠብ የሚሸጡት ውህዶች ሌላ ብሌን የሚያቃጥል ኬሚካል ስለሚኖርባቸው ከእነርሱ ማቅጠን ፈጽሞ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ፣ ከዚያ በቀን ብቻ፣ ከዚያ እየተራራቀ ሰባት ወር ቆየ፤ ስቴሮይዱም ወዲያው ተቀነሰ። ስቴሮይድ ሲስቱን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንዲራባ ስለሚረዳ፣ የእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ጠብታ ምን ያህል እንዳባባሰው ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል። ብሌኑ ከታች በኩል ደመና ቀርቶበታል፤ ታካሚው ግን ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ሰው በፊቱ ይለያሉ።

ከዚያ ወዲህ የተለገሰ ብሌን ሁሉ ለአሜባ ይመርመር የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሰምቻለሁ። እኔ አልደግፈውም። ሳህኑ «የለም» ለማለት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ብሌኑም ከዚያ በላይ አይቆይም፤ መልሱ ሲመጣ ብሌኑ ከተሰፋ ሰንብቷል። የሚሻለው የለጋሹን ጠርዝ ሳይጥሉ ለጥቂት ወራት አስቀምጦ ምክንያት ሲገኝ መጠየቅ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ውኃና ቅጠል ያለበት ታሪክ ያለውን ተቀባይ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መመርመር ይመስለኛል። በዓይን ክፍሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሁን ትንንሽ ብልቃጦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ላይ የለጋሹ መለያ ቁጥርና ቀኑ በእርሳስ ተጽፏል፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይለቃል።

ታካሚው በመጨረሻው ቀጠሯቸው ወደ ላቦራቶሪው ብቅ ብለው የፓቶሎጂውን ፎቶ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ጣታቸውን በኮምፒውተሩ ላይ ወደ አንዱ ሲስት ጠቁመው «ይኼ ከእኔ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው ሰውየውን በከንቱ አምተነዋል» አሉና፣ ይህንኑ በአማርኛ በአንድ ገጽ እንድጽፍላቸው፣ በእድራቸው ቀን ጸሐፊው ተነሥቶ እንዲያነበው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ጻፍኩላቸው፤ የሆስፒታሉ ማኅተም እንዲያርፍበትም ለመኑኝ። ወረቀቱን አራት አጥፈው በኮታቸው ውስጠኛ ኪስ ከመታወቂያቸው ጋር አኖሩት።